በርና መስኮት ያለው ግንብ የመሬት መንቀጥቀጥን እንዴት ይቋቋማል?

ቤተ ክርስቲያን፣ የአብነት ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም የካህናት መኖሪያ ለማሠራት የተቋቋመ የሕንፃ ኮሚቴ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መሠረቱና ስለ ጣሪያው ነው። ይሁን እንጂ መሬት በሚንቀጠቀጥበት ጊዜ ግንብ አብዛኛውን ጊዜ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከበሮችና ከመስኮቶች ማዕዘን ነው። ስለዚህ እነዚህ ክፍት ቦታዎች የት እንደሚሆኑና ዙሪያቸው በምን እንደሚታሰር መወሰን በውስጡ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ሕይወት የሚመለከት ውሳኔ ነው።

ስጋቱ ከእኛ የራቀ አይደለም። ስምጥ ሸለቆ አገራችንን ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያቋርጣል። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ወር በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል። በ1961 ዓ.ም. መጋቢት ወር በአፋር የምትገኘው ሰርዶ ፈርሳ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ በተከታታይ የደረሰው መንቀጥቀጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖችን ከቀያቸው ሲያፈናቅል ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል።

ግንብ ለምን ይሰነጠቃል?

ድንጋይ፣ ሸክላና ብሎኬት ከላይ የሚጫናቸውን ክብደት በሚገባ ይሸከማሉ፤ የሚስባቸውንና የሚያለያያቸውን ኃይል ግን አይችሉም። መኪና በድንገት ሲነሣ ቆሞ የሚጓዝ ሰው ወደ ኋላ እንደሚያዘነብል ሁሉ፣ መሬት ወደ አንድ ጎን ሲንቀሳቀስ የሕንፃው ክብደት፣ በተለይም የጣሪያው፣ በነበረበት ሊቆይ ይታገላል። በዚህ ጊዜ አራት ማዕዘኑ መስኮት ይጣመማል፤ በሁለቱ ተቃራኒ ማዕዘኖች ግንቡ ይሳባል፣ በሌሎቹ ሁለቱ ይጨመቃል። ንዝረቱ ሲመለስ ደግሞ ተራው ይገለበጣል። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥተው በሰያፍ የሚሄዱና በመስኮቶች መካከል እንደ መስቀል የሚቆራረጡ ስንጥቆች የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

በበርና በመስኮት መካከል የሚቀረው ግንብ እንደ ዓምድ ያገለግላል። ከላዩ ያለው ክብደትና የጎን ግፊት ወደ መሠረት የሚወርደው በእርሱ በኩል ነውና ጠባብ ከሆነ ይሰበራል። ስለዚህም ለአነስተኛ ግንባታዎች በተዘጋጁ ዓለም አቀፍ መመሪያዎች መሠረት፣ በባለ አንድ ፎቅ ቤት የአንድ ግድግዳ ክፍት ቦታዎች ጠቅላላ ስፋት ከግድግዳው ርዝመት ግማሽ መብለጥ የለበትም። በሁለት ክፍት ቦታዎች መካከልም ሆነ ከግድግዳው ማዕዘን እስከ መጀመሪያው መስኮት ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ግንብ መቅረት አለበት፤ ክፍት ቦታው ረጅም ከሆነ ይህ መጠን ይጨምራል። የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ በሰሜን፣ በምዕራብና በደቡብ በሮች ስለሚኖሩት ክፍት ቦታ መቀነስ ሁልጊዜ አይቻል ይሆናል፤ ቦታቸውን ማስተካከል ግን ይቻላል።

የፌሮው ድርሻ

ፌሮ ግንብ ጨርሶ እንዳይሰነጠቅ አያደርግም፤ የተሰነጠቀው ግንብ ተለያይቶ እንዳይወድቅ ግን ይይዘዋል። ምእመናን ለመውጣት ጊዜ የሚያገኙት በዚህ ነው።

የመጀመሪያው ማሰሪያ አግድም ነው። ከበርና ከመስኮት በላይ የሚውለው የአርማታ ቢም ለእያንዳንዱ ክፍት ቦታ ተቆራርጦ ከሚሠራ ይልቅ ሕንፃውን እንደ መቀነት ሳይቋረጥ ቢዞረው ግድግዳዎቹን ሁሉ አንድ ያደርጋቸዋል። በመሠረቱ ራስና ከጣሪያው ሥርም እንዲሁ ማሰር ያስፈልጋል። ሁለተኛው ማሰሪያ የቆመ ነው። በግድግዳዎች ማዕዘንና በእያንዳንዱ በርና መስኮት ግራና ቀኝ ፌሮ ከመሠረቱ ተነሥቶ እስከ ጣሪያው ማሰሪያ ይደርሳል። ግንቡ ብሎኬት ከሆነ ፌሮው የሚያልፍበት ቀዳዳ ከታች እስከ ላይ ክፍት መሆንና በአርማታ መሞላት አለበት፤ ባዶ ቀዳዳ ውስጥ የቆመ ፌሮ ግንቡን አይዝም። አግድሙና የቆመው ማሰሪያ ሲገናኙ እያንዳንዱ መስኮት በክፈፍ ውስጥ እንዳለ ሥዕል ይታቀፋል።

የኮሚቴው ኃላፊነት

የፌሮውን ውፍረትና ብዛት የሚወስነው መሐንዲሱ ነው። ሥራው በሥዕሉ መሠረት መሠራቱን መከታተል ግን የኮሚቴውም ድርሻ ነው፤ አርማታ ከተሞላና ልስን ከተለሰነ በኋላ የተረሳ ፌሮ አይታይምና። ስለዚህ አርማታ ከመሞላቱ አስቀድሞ የሚከተሉት ይታዩ፦

1. የአግድሙ ማሰሪያ ፌሮ በማዕዘን ላይ ሳይቆረጥ ታጥፎ ወደ ቀጣዩ ግድግዳ አልፏልን?
2. ፌሮ በሚቀጠልበት ቦታ በቂ መደራረብ አለውን? ባለ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ያስፈልገዋል።
3. በበሮችና በመስኮቶች ግራና ቀኝ የቆመ ፌሮ አለን? ከመሠረቱስ ተነሥቷልን?
4. አርማታው ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀናት ውሃ የሚያጠጣ ሰው ተመድቧልን?

በነባር ግንብ ላይ አዲስ በር መክፈት ወይም መስኮት ማስፋት ሸክም ተሸካሚውን ዓምድ መቁረጥ ስለሆነ ያለ መሐንዲስ ምክር ሊደረግ አይገባም። ለሕንፃ የሚሰበሰበው ገንዘብ የምእመናን አስራትና ስእለት ነው። ገንዘቡ ሲያጥር የጉልላቱ ጌጥ ለሌላ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ የግንቡ ማሰሪያ ግን በኋላ የሚጨመር አይደለም።