ጂኦግራፊን በመጀመሪያ ዲግሪ መማር፦ ከምርጫ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን አልፈው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶችን ከተከታተሉ በኋላ የትምህርት ክፍል ምርጫቸውን በቅጽ ሞልተው ያቀርባሉ። በማኅበራዊ ሳይንስ መስክ ከሚቀርቡላቸው አማራጮች መካከል በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች «ጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት» በሚል ስያሜ የሚታወቀው የትምህርት ክፍል ይገኝበታል። ይህን ክፍል ፈልገው በአንደኛነት የሚመርጡ ተማሪዎች አሉ፤ በዝርዝሩ ግርጌ አስፍረውት በድልድል ሲደርሳቸው የሚከፉም አሉ። ድልድሉ ምርጫንና የመጀመሪያ ዓመት ውጤትን መሠረት የሚያደርግ በመሆኑ፣ ቅጹን የሚሞላ ተማሪ በመጨረሻ የጻፈው ክፍልም ሊደርሰው እንደሚችል አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ተማሪዎችና ወላጆች «ጂኦግራፊ ተምሮ ምን ይሠራል?» ለሚለው ተደጋጋሚ ጥያቄ ተጨባጭ ምላሽ እንዲያገኙ ነው።

የጥያቄው አንዱ ምንጭ ትምህርቱ በታችኛው ክፍል የተወው ትዝታ ነው። ብዙዎች ጂኦግራፊን የሚያስታውሱት የወንዞችን ርዝመት፣ የተራሮችን ከፍታና የዋና ከተሞችን ስም በቃል በመያዝ ነው። የራስ ደጀን ተራራ ከፍታ 4,620 ሜትር ነው ብሎ ያጠና ትውልድ አለ፤ በኋላ የተደረጉ ልኬቶች ግን ቁጥሩን ወደ 4,550 ሜትር ገደማ ዝቅ አድርገውታል። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚጠየቀው ቁጥሩን ማስታወስ ሳይሆን፣ ከፍታው እንዴት እንደተለካ፣ ልዩነቱ ከምን እንደመጣና ከፍታ በአዝመራና በሰው አሰፋፈር ላይ ምን እንደሚያስከትል መመርመር ነው። አርሶ አደሩ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብሎ የከፈለውን የአየር ጠባይ ጂኦግራፊ ከከፍታ፣ ከሙቀትና ከዝናብ መጠን ጋር አገናኝቶ ያጠናዋል።

ሁለት ሐይቆች በአንድ መንገድ

የሙያውን ባሕርይ በምሳሌ ማየት ይቀላል። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚጓዝ ሰው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዘ፣ መተሐራ ከተማ አጠገብ የበሰቃን ሐይቅ ያገኛል። ይህ ሐይቅ በ1950ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የነበረ ሲሆን፣ እየሰፋ ሄዶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደርሷል። ውኃው ጨዋማ በመሆኑ የግጦሽና የእርሻ መሬትን ከጥቅም ውጭ አድርጓል፤ ዋናውን መንገድና የባቡር ሐዲዱንም ሲፈታተን ቆይቷል። በዚያው መንገድ ቀጥሎ ሐረር ከመድረሱ በፊት የሐረማያ ሐይቅ ይገኛል። ይህኛው ደግሞ ለረጅም ዓመታት የሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ምንጭ ሆኖ ካገለገለ በኋላ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደርቆ፣ ከዓመታት በኋላ ነው ውኃው ተመልሶ መታየት የጀመረው።

በአንድ አገር፣ በአንድ መንገድ ላይ አንዱ ሐይቅ ሲሰፋ ሌላው ለምን ደረቀ? ዝናብ ብቻውን መልስ አይሆንም። በሐረማያ ለመስኖና ለከተማ ውኃ በገፍ የሚሳበው ውኃ፣ ከተራቆቱት ኮረብታዎች ታጥቦ የሚገባው ደለልና ትነት በአንድነት ይታያሉ። በበሰቃ ደግሞ በዙሪያው ካሉ የመስኖ እርሻዎች የሚሰርገው ውኃ፣ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሰትና የስምጥ ሸለቆው የመሬት እንቅስቃሴ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ፤ የትኛው እንደሚያመዝን ባለሙያዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። የጂኦግራፊ ተማሪ የሚሠለጥነው እንዲህ ያለውን ጥያቄ በተለያዩ ዓመታት ከተነሡ የሳተላይት ምስሎች፣ ከዝናብ መዝገብ፣ ከመሬት አጠቃቀም ካርታና ከነዋሪዎች ቃል አንጻር አገናዝቦ እንዲመልስ ነው።

በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍልን የመሩት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም የአገሪቱን የገጠር ሕዝብ ለረሃብ ተጋላጭነት ባጠኑበት መጽሐፋቸው፣ ረሃብን ከድርቅ ጋር ብቻ አያይዞ መመልከት በቂ እንዳልሆነ አሳይተዋል።

በትምህርት ቆይታው የሚሰጠው

የመጀመሪያ ዲግሪው የጋራ ትምህርት የሚሰጥበትን ዓመት ጨምሮ አራት ዓመት ይፈጃል። «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ» የተሰኘው ኮርስ ለሁሉም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሚሰጥ በመሆኑ፣ ሙያው ይስማማው እንደሆነ ለመፈተሽ ለሚፈልግ ተማሪ የመጀመሪያው አጋጣሚ ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት የመሬት ገጽታ፣ የአየር ንብረት፣ የአፈርና የዕፅዋት ሥርጭት፣ የሥነ ሕዝብ፣ የከተማ፣ የገጠር ልማትና የኢኮኖሚ ጂኦግራፊ ትምህርቶች ይሰጣሉ። የኮርሶቹ ስምና ቅደም ተከተል ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ መጠነኛ ልዩነት ይኖረዋል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሹት የመሣሪያ ትምህርቶች የሚባሉት ናቸው። እነዚህም የካርታ ሥራ፣ ስታቲስቲክስ፣ የርቀት ቅኝት እንዲሁም በተለምዶ «ጂአይኤስ» እየተባለ የሚጠራው የጂኦግራፊያዊ መረጃ ሥርዓት ናቸው። ተማሪዎች እነዚህን ኮርሶች በሒሳብ ፍራቻ ወይም በኮምፒውተር እጥረት ሰበብ ለማለፍ ያህል ብቻ ሲወስዷቸው ይስተዋላል። ከምረቃ በኋላ ግን የሥራ ቃለ መጠይቅ የሚያተኩረው በአብዛኛው በእነዚሁ ላይ ነው። የሁለት ተመራቂዎች ዲግሪ በስም አንድ ቢሆንም፣ ካርታ አዘጋጅቶ የሚያቀርበውና የማያቀርበው በገበያው እኩል አይታዩም። በመሆኑም አንድ ዩኒቨርሲቲ ይህን መስክ ሲያስተምር ቤተ ሙከራው ለስንት ተማሪ እንደሚበቃና የመስክ ጉዞ በየስንት ጊዜው እንደሚካሄድ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኪውጂአይኤስ የተሰኘው ሶፍትዌር ያለ ክፍያ የሚገኝ በመሆኑ፣ ቤተ ሙከራው የማይበቃው ተማሪ በራሱ ወይም በጋራ ኮምፒውተር ሊለማመድበት ይችላል።

የመመረቂያ ጽሑፍም ከዚሁ አንጻር ሊታሰብ ይገባል። ከበይነ መረብ ከሚለቃቀም አጠቃላይ ርዕስ ይልቅ፣ ተማሪው በሚያውቀው ወረዳ ውኃ የሚቀዳበትን ርቀት ወይም የአንድን ከተማ መስፋፋት ለክቶ የሚያሳይበት ሥራ ለቀጣሪ የሚቀርብ ማስረጃ ይሆነዋል።

ተቀራራቢ የሙያ መስኮች

ጂኦግራፊን ከጂኦሎጂ ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ ከመሬት በታች ምን እንደተፈጠረ የማጥናቱ ድርሻ የጂኦሎጂና የጂኦፊዚክስ ባለሙያ ነበር። በአደጋው ቀጣና ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ወዴት ቢሰፍር ውኃና ግጦሽ እንደሚያገኝ፣ የትኛው መንገድ እንደሚያዋጣ መተንተን ደግሞ ለጂኦግራፊ ባለሙያ የቀረበ ሥራ ነው። ቅየሳ፣ የመሬት አስተዳደርና ሜትሮሎጂም የየራሳቸው ዲግሪ ያላቸው መስኮች ናቸው። በጂኦግራፊ ዲግሪ በቀያሽነት እቀጠራለሁ ብሎ የሚመርጥ ተማሪ ካለ ሐሳቡን ደግሞ ቢያጤነው ይመረጣል።

የሥራ ዕድልን በተመለከተ

በስሙ «ጂኦግራፈር» ተብሎ የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ ብዙም አይገጥምም። ሥራው በሌሎች ስሞች ውስጥ ይገኛል። የሕዝብና ቤት ቆጠራን ለአብነት ማንሣት ይቻላል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ ቆጣሪዎች ከመሠማራታቸው በፊት የገጠሩ ክፍል እያንዳንዳቸው ከ150 እስከ 200 ቤተሰቦችን ወደሚይዙ የቆጠራ ቦታዎች ተከፍሎ ካርታ ተሠርቶለታል። ከዚህ ሌላ በአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር፣ በአካባቢ ጥበቃ፣ በከተማ ፕላን፣ በተፈጥሮ ሀብት፣ በገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባና በእርዳታ ድርጅቶች የምግብ ዋስትና ክትትል ውስጥ የመስኩ ተመራቂዎች ይሠራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሥራ ማስታወቂያ ተፈላጊውን የትምህርት ዝግጅት በስም ዘርዝሮ ያወጣል። በዝርዝሩ «ጂኦግራፊ» ወይም «ጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት» ካልተጠቀሰ፣ አመልካቹ ችሎታው ቢኖረውም በምዝገባ ደረጃ ሊቀር ይችላል። በዲግሪው ላይ የሚጻፈውን የመስኩን ሙሉ ስያሜ ከወዲሁ ማረጋገጥና ሊሠሩበት ያሰቡትን መሥሪያ ቤት የቀድሞ ማስታወቂያዎች ማገላበጥ ከኋላ ቅሬታ ያድናል።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊን ለማስተማር የሚያስቡም ዲግሪው ብቻውን የመምህርነት ሙያ ሥልጠናን እንደማይተካ ሊያውቁ ይገባል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና የሚወስዱ ሲሆን፣ የማለፊያ ነጥቡ 50 በመቶ ነው። ፈተናው ከየዓመቱ ዋና ዋና ኮርሶች የተውጣጣ በመሆኑ የሁለተኛ ዓመት ማስታወሻን ጠብቆ ማቆየት ይጠቅማል። ያላለፈ ተማሪ በድጋሚ የመፈተን ዕድል አለው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ የመደበኛ መርሐ ግብር ተማሪዎች የወጪ መጋራት ውል ይፈርማሉ፤ የውሉን ቅጂ በእጃቸው ሊይዙ ይገባል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ በመሆኑ የቅበላ መስፈርቱን ራሱ ያወጣል፤ አመልካቾች የዩኒቨርሲቲውን ማስታወቂያ በቀጥታ መከታተል ይኖርባቸዋል።

በድልድል የደረሰውን የትምህርት ክፍል ለመቀየር የሚፈልግ ተማሪ ጥያቄውን የሚያቀርበው ለሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ነው። ውሳኔው በተማሪው ውጤትና በሚፈለገው ክፍል የቅበላ ቦታ ላይ የሚመሠረት ስለሆነ፣ ማመልከቻውን ዩኒቨርሲቲው በሚወስነው የጊዜ ገደብ ውስጥ በጽሑፍ ማስገባትና የገቢነት ቁጥር መቀበል ያስፈልጋል።