የ600 ድርሃሙ ሬጉሌተር

600 ድርሃም ከፍዬ የገዛሁት ሬጉሌተር አለኝ። አንድም ቀን ውሃ ውስጥ ተንፍሼበት አላውቅም። ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ አልጋዬ ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ያስነሳኝ በውስጥ መስመር የመጣልኝ ጥያቄ ነው። አንዲት እህት «የዳይቪንግ ኮርሱን ጨረስኩ፤ ሙሉ ዕቃ በስንት ልግዛ?» ትላለች። እሷም እንደኔ ዱባይ ነው የምትሠራው። ለብቻዋ መመለስ ጀምሬ ረዘመብኝ፤ እዚሁ ይሁን።

መጀመሪያ ማን እንደሚያወራችሁ እወቁ። ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ዋና የቻልኩት ግን በ27 ዓመቴ፣ እዚህ ዱባይ፣ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ ተሰልፌ ነው። ጣና ጥልቁ ቦታው 15 ሜትር ገደማ ነው፤ የመጀመሪያውን ኮርስ የጨረሰ ሰው ደግሞ እስከ 18 ሜትር ይፈቀድለታል። የጣናን ወለል ነክቼ የምመለስበት ወረቀት አለኝ ማለት ነው፤ እናቴ ግን እስካሁን ስደውልላት «ውሃ አካባቢ እንዳትሄጂ» ትለኛለች። በዓመት ቢበዛ አሥር ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ፉጃይራ በኩል፣ ስኑፒ ደሴት ወይም ዲባ ሮክ እጠልቃለሁ። አስተማሪ አይደለሁም፤ ዕቃም አልሸጥም።

ሬጉሌተሩን የሸጠልኝ ሰው አገር ሊለቅ ዕቃውን እየጨረሰ ነበር። «ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተጠቀምኩበት» አለኝ። እኛ አገር መኪና ሻጩ ሁሉ «ሴት የያዘችው ናት» እንደሚለው መሆኑ ያን ጊዜ አልታየኝም። የታየኝ ዋጋው ነው። ቢሮ አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ጓደኛዬ፣ ወደዚህ ነገር ያስገባችኝም እሷ ናት፣ «ሳታስመረምሪ እንዳትገቢበት» ብላ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰደችኝ።

ባለሙያው ብዙ አላወራም። ከሲሊንደሩ ጋር የሚገጥመውን ክፍል ፈታና ከውስጡ በወረንጦ አንዲት ማጣሪያ አወጣ። ከሸሚዝ ቁልፍ አትበልጥም። ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጣትና ወደኔ ገፋት። ብርማ መሆን የነበረባት ነገር እንደ ቆየ የመዳብ ዕቃ አረንጓዴ ለብሳለች። ጨዋማ ውሃ ውስጡ ገብቶ ከርሟል ማለት ነው። ከተጠለቀ በኋላ ሬጉሌተር በንጹሕ ውሃ ሲታጠብ መግቢያው በክዳኑ በደንብ መደፈን አለበት፤ ያ ሰው ወይ ክዳኑን ረስቷል፣ ወይ እርጥብ ክዳን ገጥሞበታል። «መለዋወጫና የእጅ ዋጋ 550» አለኝ ባለሙያው። ዕቃዬን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ሬጉሌተር ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ካለ፣ ወጥ ቤቱ ይግባ። ቡታጋዝ ሲሊንደሩ አናት ላይ የሚገጠመው ሬጉሌተር የጋዙን ግፊት ቀንሶ ለምድጃው እንደሚሰጠው ሁሉ፣ የኛውም ሥራው ያው ነው። ጀርባችን ላይ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አየሩ በ200 ባር ገደማ ተጨምቆ ነው ያለው። የመጀመሪያው ክፍል ይህን ከአካባቢው ግፊት 10 ባር ያህል ብቻ ወደሚበልጥ ልክ ያወርደዋል፤ አፋችን ላይ ያለው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ በዙሪያችን ካለው ውሃ ግፊት ጋር አስተካክሎ ስንስብ ብቻ ይሰጠናል። 20 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው ፊት ሦስት እጥፍ ስለሆነ አንድ ትንፋሽም ሦስት እጥፍ አየር ይበላል። የቤቱ ቢበላሽ ወጡ ሳይበስል ይቀራል። የዚህኛውን እናንተው ጨርሱት።

አሁን ሒሳቡ። እኔ በምሄድበት ቦታ ሬጉሌተር ብቻውን በቀን 50 ድርሃም ይከራያል። በዓመት አሥር ቀን፣ 500 ድርሃም። ያኔ የጠየቅኩት አዲስ ሬጉሌተር ከትርፍ መተንፈሻውና ከግፊት ማሳያው ጋር 1,800 ነበር። ግን በዚህ አያበቃም። እንደ አምራቹ መመሪያ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መፈታት፣ መታጠብ፣ ጎማዎቹ መቀየር አለባቸው፤ ተጠቀማችሁበትም አልተጠቀማችሁበትም ጎማ ያረጃል። በየዓመቱ 350 ብትከፍሉለት ከኪራዩ የምታተርፉት 150 ድርሃም ነው። 1,800ውን ለመመለስ አሥራ ሁለት ዓመት! በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ እኔ ዱባይ መኖሬንም እንጃ። በየሁለት ዓመቱ ቢሆን እንኳ ስድስት ዓመት ሊሞላው ምንም አይቀረው።

ስለዚህ ለጠያቂዬ መልሴ ይኸው ነው፦ ሰውነትሽ ላይ ልክ መሆን ያለበትን ግዢ፤ ባለሙያ እየፈታ የሚያየውን ተከራዪ። «የራስ ሬጉሌተር ከሌለ ዳይቨር አይባልም» የሚሉሽን ወንዶች እለፊያቸው፤ አብዛኞቹ በዓመት ሦስት ቀን ነው ውሃ የሚያዩት።

መከራየት ግን ዓይን ጨፍኖ መቀበል አይደለም። ሲሊንደሩ ከተከፈተ በኋላ ግፊት ማሳያውን እያያችሁ ሦስት ጊዜ በኃይል ሳቡ። በሳባችሁ ቁጥር መርፌው ወርዶ የሚመለስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቫልቩ በደንብ አልተከፈተም፤ ተከፍቶም ካልቀረ ሬጉሌተሩን አስቀይሩ። ቢጫውን ትርፍ መተንፈሻም ሞክሩት፤ ችግር ሲመጣ ጓደኛችሁ የሚተነፍስበት እሱ ነውና። አየሩ ዘይት ዘይት ከሸተተ ሲሊንደሩን መልሱ። የምንንሳፈፍበትን ተነፊ ጃኬት ሙሉ በሙሉ ንፉና ቡና እስክትጠጡ ተዉት፤ ከተመለሳችሁ በኋላ ከላላ የሚያፈስበት ቦታ አለ። አፍ ላይ የምትነከሰዋን ጎማ ግን የራሳችሁን ግዙ። 25 ድርሃም ናት፤ የሌላ ሰው ጥርስ ምልክት ያለበትን ነገር ከመንከስ ትገላግላለች።

ወደ ማስክ ልምጣ፤ እዚህ ጋ ልቆይ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብባል እሱን ነው የምለው። ሌላው ቀርቶ ኮርሱን ሳትጀምሩ ልትገዙት የምትችሉት እሱን ብቻ ነው። የዋና መነጽር አይሆንም። የጠለቃ ማስክ አፍንጫን አብሮ የሚሸፍነው ወደ ታች ስንወርድ ውስጡ ያለው አየር ስለሚጨመቅ፣ በአፍንጫ ትንሽ አየር እየላክን ማመጣጠን ስላለብን ነው። አፍንጫ የሌለው መነጽር ፊት ላይ ይጣበቅና ዓይን ደም እስኪቋጥር ይመጠምጣል። ፊትን በሙሉ የሚሸፍነው ባለ ቱቦም ለላይ ዋና የተሠራ ነው፤ ይዛችሁት እንዳትወርዱ።

ሱቅ ውስጥ ማሰሪያውን ወደ ፊት ገልብጡት። ማስኩን ፊታችሁ ላይ ብቻ አሳርፉና በአፍንጫችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ እጃችሁን ልቀቁ። ካልወደቀ፣ ትንፋሻችሁን እንደያዛችሁም ጠርዙ አየር ካላስገባ፣ ግማሹ ተፈትኗል። ሌላው ግማሽ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፦ መተንፈሻውን አፋችሁ ውስጥ አድርጋችሁ ድገሙት። አፍ ሲከፈት ጉንጭ ቅርጹን ይቀይራል፤ ከአፍንጫ ሥር ክፍተት የሚፈጠረውም ያኔ ነው። በዚህ ፈተና አራት ማስክ ጥዬ አምስተኛው ልክ ሆነልኝ፤ 140 ድርሃም። ከጣልኳቸው አንዱ 480 ነበር። ፊቴ ዋጋ ማንበብ አይችልም። መስታወቱ የጠነከረ (ቴምፐርድ) ዓይነት መሆኑን፣ ጠርዙ ለስላሳ ሲሊኮን መሆኑን ብቻ እዩ። ነጩ ሲሊኮን ከጊዜ ጋር ቢጫ ይሆናል፤ ጥቁሩ ነውሩን ይሸፍናል።

የኛ ነገር ደግሞ ፀጉር ነው። ሹሩባ ተሠርቼ የሄድኩ ቀን ከግራ ጆሮዬ በላይ ያለችው አንዲት ቀጭን ጉንጉን ከጠርዙ ሥር ገብታ ሙሉ 40 ደቂቃ ውሃ ስታንጠባጥብብኝ ዋለች። ማስክ ውስጥ የገባ ውሃ ማስወጣት ስለምችል አልደነገጥኩም፤ ግን ከኤሊ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቼ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያየኋት። አሁን የግንባሩንና የጆሮውን በኩል ወደ ኋላ አጥብቄ በስስ የጨርቅ ማሰሪያ እይዘዋለሁ፤ ፀጉር የሚነጨውን የጎማ ማሰሪያም በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። ጢም ያላችሁ ወንድሞች ከላይኛው ከንፈር በላይ ያለችውን ብትቀንሷት ማስካችሁ ያመሰግናችኋል።

አዲስ ማስክ መስታወቱ ላይ ከፋብሪካ የሚመጣ ስስ ንጣፍ አለው፤ እሱ ካልለቀቀ ጉም ይይዛል። የተለመደውን ነጭ የጥርስ ሳሙና ከውስጥ በኩል ቀብታችሁ በጣት ደጋግማችሁ እሹት። ከዚያ ወዲያ ውሃ ከመግባታችሁ በፊት ምራቅ ይበቃል። እንትፍ ማለት የሚያሳፍራችሁ የሕፃን ሻምፖ ጠብ ታደርጋላችሁ።

ቀጥሎ ገንዘቤን ያወጣሁት እጅ ላይ የሚታሰር የጠለቃ ኮምፒውተር ላይ ነው። ዕቁብ ሲደርሰኝ ገዛሁት፤ ክሬሲ ሊዮናርዶ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው፣ ቁጥሩ ተለቅ ያለ፣ 750 ድርሃም። ማሬስ ፐክና ሱንቶ ዙፕም ከዚሁ ተርታ ናቸው። ከስልክ ጋር የሚገናኝ፣ የሲሊንደሩን ግፊት በአየር ሞገድ የሚያነብ፣ ባለ ቀለም የሚሉት በዓመት አሥር ቀን ለምንጠልቅ ሰዎች አያስፈልግም። ባትሪውን ራሳችሁ መቀየር መቻላችሁን ግን ጠይቁ።

ይህን ለምን ከመከራየት አወጣሁት? ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ደማችንና ሥጋችን ውስጥ የገባውን ናይትሮጅን ነው፤ የጠዋቱን አስታውሶ ከከሰዓቱ ጋር ይደምረዋል። ጠዋት ሌላ ሰው እጅ ላይ የዋለ ኮምፒውተር የኔን ሒሳብ አያውቅም። ደግሞ እኛ ሐበሾች ያለብን የራሳችን ጣጣ አለ። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ነው የሚመከረው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ 12። ምክንያቱ የአየር ግፊት ሲቀንስ ናይትሮጅኑ አረፋ መሥራቱ ነው። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ቢበዛ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ይወርዳል። ሌላው መንገደኛ ሲያርፍ ወደ ባሕር ጠለል ግፊት ይመለሳል። እኛ ግን ቦሌ ስናርፍ 2,300 ሜትር ላይ ነን፤ ከአውሮፕላኑ ብንወጣም ከፍታው አብሮን ነው። ጅቡቲ ጠልቃችሁ በመኪና ወደ አዲስ አበባ የምትመለሱም ያው ናችሁ፤ አልበረርኩም ብላችሁ እንዳትዘናጉ። አርብ ጠልቄ አርብ ማታ ለፋሲካ እሳፈራለሁ ማለት ቀርቶብኛል።

ዌትሱት ላይ ሐሳቤን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ፉጃይራ በነሐሴ ውሃው ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ በጥር 23 አካባቢ ነው። 23 ዲግሪ አየር ላይ ደስ ይላል፤ ውሃ ግን ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ስለሚወስድ ሁለተኛው ጠለቃ ላይ ጥርስ ያንገጫግጫል። የሚከራዩት ቱታዎች ሰፍተዋል፣ ጉልበታቸው ሳስቷል፤ ውሃ እንደ ልቡ ይወጣል ይገባል። ከኔ በፊት የለበሰው ሰው ውስጡ ምን እንዳደረገም አልጠይቅም። ባለ 3 ሚሊሜትር በ380 ገዛሁ፣ ለጥር ከሥሩ ሰደርያ እጨምራለሁ። ለመልበስ ካላታገላችሁ ሰፊ ነው። አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረኝም፦ አዲስ ዌትሱት ይንሳፈፋል። በለመድኩት የእርሳስ ክብደት ልወርድ ብሞክር እንደ ቡሽ ላይ ቀረሁ። አስጎብኚው ሁለት ኪሎ እስኪጨምርልኝ ሁሉም ታች ሆነው ሽቅብ ያዩኝ ነበር።

እግር ላይ በሚደረገው ፊን ላይ ብዙ አልልም። የባሕሩ ዳር ድንጋያማ ከሆነ ተረከዙ ክፍት የሆነውንና የጎማ ጫማውን አብራችሁ ግዙ፤ ከጀልባ ብቻ ከሆነ ተከራዩ። ጃኬቱን ቤት ያለው ሰው ቢገዛው አልከራከርም። እኔ ቤድ ስፔስ ነው ያለሁት፤ አልጋና ግማሽ ቁም ሣጥን።

ብርቱካናማውን ተነፊ ምልክትና ፊሽካ ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሁለቱ አንድ ላይ 95 ድርሃም። ከጀልባችሁ ርቃችሁ ብትወጡ ማዕበል ላይ ጥቁር ጭንቅላት ከሩቅ አይታይም፤ የሚታየው ያ ነው። በውድ ሬጉሌተር የሚኩራሩ ስንቶቹ እሱ የላቸውም።

እንግዲህ ድምሩ 1,400 ገደማ ነው፤ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ሁሉም አንድ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ከዌትሱቱ በቀር። እሱ ታጥቦ ጥላ ቦታ መሰቀል አለበት፤ ያለን ጥላ ደግሞ ሻወር ቤቱ ነው። አንድ ሌሊት አብራን የምትኖር የጎንደር ልጅ መብራቱን ሳታበራ ገባች። ጥቁር፣ ረጅም፣ ራስ የሌለው ሰው ተንጠልጥሎ ውሃ ያንጠባጥባል። «በስመ አብ ወወልድ!» ያለችው እኮ ታች ጥበቃው ድረስ ነው የተሰማው። አሁን ከመስቀሌ በፊት ለቤቱ ሰው ሁሉ መልእክት እልካለሁ።