አፔንድ በሐሰት ሲከሰስ

ፕሮግራሚንግ ለሚጀምሩ ተብሎ በቴሌግራም የሚዘዋወር ምክር አለ። «ፓይተን ላይ ሊስት አታብዙ፤ አንድ ነገር በጨመራችሁ ቁጥር ኮምፒውተሩ ሊስቱን በሙሉ እንደ አዲስ ይገለብጠዋል፤ ታፕል ተጠቀሙ፣ ፈጣን ነው» ይላል። ይህንኑ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች ስለበዙብኝ ዝም ማለት አልቻልኩም። ምክሩ ተሳስቶ ቢቀር ባልከፋ፤ ጥፋተኛውን ነጻ አውጥቶ ንጹሑን ነው የከሰሰው።

ሊስት ምን እንደሆነ ብዙ አልቆይበትም። የተማሪ ስም፣ የዕለት ሽያጭ፣ የፈተና ውጤት በቅደም ተከተል ይያዝበታል፤ ቆጠራው ከ0 ይጀምራል፤ አፔንድ ከመጨረሻው ላይ ይጨምራል፣ ፖፕ ያወጣል። ይህን የትኛውም መማሪያ ይነግርዎታል። የሚዘለለው የውስጡ ነገር ነው።

አብዛኞቻችን የምንጠቀምበት ፓይተን ሲፓይተን የሚባለው ሲሆን በሲ ቋንቋ የተጻፈ ነው። እዚያ ውስጥ ሊስት ማለት በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ ክፍሎች ናቸው። በየክፍሉ የሚቀመጠው ስሙ ወይም ቁጥሩ ራሱ ሳይሆን የሚገኝበት አድራሻ ነው፤ ባለ 64 ቢት ማሽን ላይ አንዱ አድራሻ 8 ባይት ይይዛል። ክፍሎቹ ሲሞሉ ሰፋ ያለ ቦታ ይጠየቃል፤ አስፈላጊ ከሆነም አድራሻዎቹ ወደዚያ ይዛወራሉ። አሉባልታው የበቀለው ከዚህች እውነት ነው። ሲፓይተን ግን ቦታ ሲጠይቅ ለአንድ ብቻ አይጠይቅም። ሠርግ የደገሰ ሰው እንግዳ በመጣ ቁጥር ድንኳን ነቅሎ አይተክልም፤ ትርፍ ወንበር አስቀድሞ ያስገባል።

ካላመኑ ራስዎ ይዩት። ሲስ በተባለው ሞጁል ውስጥ ጌትሳይዝኦፍ የሚባል ፋንክሽን አለ፤ አንድ ነገር ስንት ባይት እንደያዘ ይናገራል። ከ3.9 ወዲህ ባሉት ስሪቶች ባዶ ሊስት 56 ባይት ነው። አንድ ነገር አፔንድ ሲያደርጉ 88 ይሆናል። የጨመረው 32 ባይት የአራት አድራሻ ቦታ ነው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ሲጨምሩ ከ88 ንቅንቅ አይልም። አምስተኛው ላይ 120፣ ዘጠነኛው ላይ 184 ይሆናል። ሊስቱ ሲገዝፍ ትርፉ ከያዘው አንድ ስምንተኛ ገደማ ስለሚሆን፣ ቦታ የሚጠየቅበት ጊዜ እየራቀ ይሄዳል። አንድ ሚሊዮን ነገር አንድ በአንድ አፔንድ ቢያደርጉ ቦታ የሚጠየቀው መቶ ጊዜ እንኳ አይሞላም። የሚዛወሩት አድራሻዎች ተደምረው ቢበዛ 8 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። እንደ አሉባልታው ቢሆን ኖሮ ድምሩ ወደ 500 ቢሊዮን ይጠጋ ነበር!

እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦቼ እንዳይነሡብኝ ልጠንቀቅ። ይህ በድምር የታየ ሂሳብ ነው፤ ቦታው ሞልቶ የደረሰበት አንዱ አፔንድ ከሌሎቹ ሊዘገይ ይችላል። ለደመወዝ መዝገብ ይህ ምንም አይደለም፤ እያንዳንዷ ማይክሮ ሰከንድ ለምትቆጠርበት ሥራ ግን ያሳስባል። ደግሞም አንድ ስምንተኛው የሲፓይተን ምርጫ እንጂ የቋንቋው ሕግ አይደለም፤ ስሌቱ ከስሪት ስሪት ተነካክቷል። የተለመደው የጃቫ አሬይሊስት በግማሽ ያህል ያድጋል። ብዙ ቦታ ማባከን ይሻላል ወይስ ቶሎ ቶሎ መዛወር የሚለው ክርክር እንደ ሥራው ዓይነት መልሱ ይለያያል።

ታፕልም እንደ ሊስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይይዛል፤ ግን አንዴ ከተፈጠረ አይለወጥም። በታፕል ላይ «ጨመርኩ» ያለ ሰው አዲስ ታፕል ሠርቶ የድሮውን በሙሉ ገልብጧል ማለት ነው። ሊስት ላይ የተለጠፈው ክስ ሙሉ በሙሉ የሚገባው ለዚህ ነው። ሊስትንም ቢሆን በአፔንድ ፈንታ በመደመር ምልክት ከሌላ ሊስት ጋር እያጋጠመ አዲስ የሚፈጥር ጀማሪ እዚያው ጉድጓድ ይገባል። ታፕልን እየነቀፍኩ አይደለም፤ እንደ ኬክሮስና ኬንትሮስ ላሉ ቁጥራቸው ለማይለዋወጥ ነገሮች ደህና አድርጎ ያገለግላል።

ሊስት በእውነት የሚወቀስበት ቦታ ሌላ ነው፤ ከፊት ሲነካ። በኢንሰርት 0ኛው ቦታ ላይ አንድ ስም ቢያስገቡ ከኋላው ያሉት አድራሻዎች ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ይገፋሉ። ከፊት በፖፕ ሲያወጡም እንዲሁ ሁሉም ወደፊት ይሳባሉ። የባንክ ወረፋ የሚያስተናግድ ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ መቶ ደንበኛ ሲይዝ ልዩነቱን አያየውም፤ መቶ ሺህ ሲይዝ ግን ፕሮግራሙ መንፏቀቅ ይጀምራል። ለእንዲህ ያለው ሥራ በኮሌክሽንስ ሞጁል ውስጥ ዴክ የሚባል አለ፤ ከፊትም ከኋላም ሌሎቹን ሳይገፋ ይጨምራል፣ ያወጣል።