ሳይቃጠል በቅጠል፦ የብራድፎርድ 56 ሙታንና የእኛ ቆጠራ

(ከቶተንሃም፣ ለንደን)

ጨዋታ ባለበት ቀን ቶተንሃም ሃይ ሮድ ላይ ቆሞ ለተመለከተ ሰው ስድሳ ሺህ ሕዝብ እንደ ጥምቀት ምእመን ይጎርፋል። ቢጫ ጃኬት ለብሰው መንገድ ከሚያሳዩት መካከል የእኛ ልጆችም አሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. የተከፈተው አዲሱ ስታዲየም 62,850 ሰው ይይዛል። ይህን ሁሉ ሕዝብ አስገብቶ በሰላም ማስወጣት ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል። ተራ የሆነው ግን ሰዎች ሞተውበት ነው።

እኔ በምኖርበት ሕንፃ አንድ የብራድፎርድ ተወላጅ ሽማግሌ አሉ። በየዓመቱ ሜይ 11 ወይን ጠጅና ቢጫ ቀለም ያለው የክለባቸውን ሻርፕ በአንገታቸው ጠምጥመው ይወጣሉ፤ ጨዋታ ይኑርም አይኑርም። አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። «ለሞቱት ነው» አሉኝና ዝም አሉ። ታሪኩን ለማወቅ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ግንቦት 3 ቀን 1977 ዓ.ም. (ሜይ 11 ቀን 1985 እ.ኤ.አ.) ብራድፎርድ ሲቲ የሦስተኛው ዲቪዚዮን ሻምፒዮንነቱን አረጋግጦ ከሊንከን ሲቲ ጋር የመጨረሻ ጨዋታውን ያደርግ ነበር። ዋንጫው ከጨዋታው በፊት ተሰጥቷል። ቀኑ የሠርግ ቀን ነበር ማለት ይቻላል። 11,076 ተመልካች ገብቷል። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከእንጨቱ ጥላ ፎቅ ሥር ጭስ ታየ። ከአራት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጥላ ፎቁ ከዳር እስከ ዳር ነደደ። 56 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱም 54ቱ የብራድፎርድ፣ ሁለቱ የሊንከን ደጋፊዎች ነበሩ። ከ260 በላይ ቆሰሉ።

እሳቱ ከሰማይ አልወረደም። በጥላ ፎቁ ወለል ሳንቃዎች መካከል ክፍተት ነበር። በዚያ ክፍተት ለዓመታት የወደቀ ቆሻሻ ከሥር ተከምሮ ነበር። ከቃጠሎው በኋላ ከተገኘው ቆሻሻ ውስጥ የ1968 ጋዜጣ ይገኝበታል፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ቆሻሻ ማለት ነው! አንድ ሲጋራ ወይም ክብሪት በዚያ ክፍተት ገባ። ጣሪያው እንጨትና ሬንጅ የተቀባ ልባስ ነበረ። የኋላ በሮች ተቆልፈው ነበር። የእሳት ማጥፊያዎቹም «ጎረምሶች ይጫወቱባቸዋል» ተብሎ ከቦታቸው ተነሥተዋል። ወደ ኋላ የሮጡት ብዙዎቹ በተቆለፈው በር ሥር ቀሩ፤ ወደ ሜዳው የዘለሉት ተረፉ፤ ከፊታቸው የብረት አጥር አልነበረምና።

ከሁሉም የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው። የካውንቲው ምክር ቤት በ1984 የተጣለ ሲጋራ እሳት ሊያስነሣ እንደሚችል በደብዳቤ አስጠንቅቆ ነበር። ጣሪያውን የሚቀይረው ብረትም ተገዝቶ ተዘጋጅቷል፤ ሥራው ሊጀመር የታሰበው ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነበር። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው አይደለምን?

ከዚያ በኋላ የሆነውንም እንይ። በዳኛ ፖፕልዌል የሚመራ አጣሪ ተቋቁሞ አንድ ወር ሳይሞላ በአደባባይ ምስክር መስማት ጀመረ። በ1987 ፍርድ ቤት ከተጠያቂነቱ ሁለት ሦስተኛውን በክለቡ፣ አንድ ሦስተኛውን በካውንቲው ምክር ቤት ላይ አደረገ። በዚያው ዓመት የስፖርት ሥፍራዎች የእሳት ደኅንነት ሕግ ወጣ። የተቃጠሉትን ያከሙ ሐኪሞች የቀሰሙት ልምድም ብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቃጠሎ ምርምር ማእከል እንዲቋቋም ምክንያት ሆነ። የከተማው ሕዝብ በየዓመቱ አደባባይ ወጥቶ ሙታኑን ያስባል።

ታዲያ እንግሊዝ ገነት ናት ማለቴ አይደለም። በወንጀል የተከሰሰ ሰው አልነበረም። አባቱን፣ ወንድሙን፣ አጎቱንና አያቱን በዚያ እሳት ያጣው ማርቲን ፍሌቸር በ2015 ባሳተመው መጽሐፍ ምርመራው በጥድፊያ የተካሄደ ነው ብሎ ሞግቷል። ትምህርቱም በቶሎ አልገባቸውም፤ በብራድፎርድ አጥር አለመኖሩ ስንቱን እንዳተረፈ እየታየ በ1989 በሂልስቦሮ ሕዝብ ከብረት አጥር ጋር ተጣብቆ ሞተ። የሟቾቹ ቁጥር በመጨረሻ 97 ደርሷል። ቤተሰቦቻቸው «ያለአግባብ ተገደሉ» የሚለውን ፍርድ ለመስማት 27 ዓመት ታገሉ። በሰኔ 2009 ዓ.ም. በዚሁ በለንደን በግሬንፌል ሕንፃ 72 ሰዎች ሲያልቁ የእኛም ወገኖች ከሟቾቹ ውስጥ ነበሩ። በ2024 የወጣው የመጨረሻ ሪፖርት የሁሉም ሞት ሊቀር ይችል እንደነበር ተናግሯል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የሟች ቤተሰብ ይጮሃል፤ ጩኸቱም ዘግይቶም ቢሆን መዝገብ ውስጥ ይገባል።

እኛስ?

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግሥት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተገደሉትን እንዲያጣራ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋገጠ። ይህን እውነት ይፋ ያደረጉት የኮሚሽኑ ምክትል ሰብሳቢ ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ ግን አገር ጥለው መሰደድ ነበረባቸው። አገር ቤት ሆኖ ሙታንን በትክክል መቁጠር ወንጀል ሆነ ማለት ነው!

ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. የቂሊንጦ እስር ቤት ነደደ። መንግሥት 23 ሰዎች እንደሞቱ አመነ። ቤተሰብ ልጁ ይሙት ይትረፍ ሳያውቅ ከእስር ቤት ደጅ ወደ ሆስፒታል ደጅ ተንከራተተ። በኋላ 38 እስረኞች እሳቱን አስነሥታችኋል ተብለው ተከሰሱ። በብራድፎርድ የተጠየቀው ቤቱን የያዘውና የተቆጣጠረው ነው፤ በቂሊንጦ የተጠየቀው ከእሳቱ የተረፈው ነው። አንድ ወር ሳይሞላ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ኢሬቻ በዓል ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ ሕዝብ ተረጋገጠ። መንግሥት 55 አለ፤ ተቃዋሚዎች ከዚያ እጅግ የበዛ አሉ። በዚያ ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ ገለልተኛ መርማሪ ይግባ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ፈቃድ አላገኘም።

የኳስ ነገር ከተነሣ የስታዲየሞቻችን ገመናም የአደባባይ ምሥጢር ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሜዳዎቻችሁ ደረጃ አያሟሉም ስላለ ብሔራዊ ቡድናችን በ2022 እ.ኤ.አ. ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ «በሜዳው» የተጫወተው ማላዊ ውስጥ ነበር። ብዙዎቻችን በውርደቱ ተናደድን። የደኅንነቱን ጉዳይ ግን ማን አነሣ? ካታንጋና ሚስማር ተራ ሲጨናነቅ በሮቹ ወዴት እንደሚከፈቱ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ የጠየቀ ማነው?

ወገኖቼ፣ እኛ በስደት ያለን ሰዎች ሰልፍ እንወጣለን፣ ሻማ እናበራለን፣ በማግሥቱም ቁጥር ላይ እንጨቃጨቃለን። ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ስም ግን እየጠፋ ነው። ከቂሊንጦም ሆነ ከቢሾፍቱ ሟቾች አምስቱን በስም ጥሩ ብንባል ስንቶቻችን እንችላለን? የሟቾቹ ዘር፣ ሃይማኖትና ፓርቲ ሳይለይ ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውንና የሞቱበትን ሁኔታ መዝግቦ መያዝ መንግሥት እስኪለወጥ የሚጠብቅ ሥራ አይደለም። የምስክሮች ትዝታ ሳይደበዝዝ፣ እናቶቹ ሳያልፉ መጀመር ያለበት ሥራ ነው። ነገ ለፍርድ የሚቀርበው መዝገብ ዛሬ በእኛ እጅ ካልተጻፈ ማንም አይጽፈውም።

«የሞተ ተጎዳ» ብለን ለቅሶ ቤቱን ዘግተን መሄድ ለምዶብናል። ጎረቤቴ ሽማግሌ ግን ያንን ሻርፕ ዛሬም ያወጡታል። የእኛ ሻርፕ የት አለ?

ቸር ያሰማን።