የቃል ክፍሎችን በተማሪዎች የምስልና የድምፅ ሥራ ማስተማር

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በሌሎች የምዕራብ ሸዋ ዞን ከተሞች አብዛኛው ተማሪ አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ይማራል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ የትምህርቱ መስጫ እንግሊዝኛ ይሆናል።

ፕሮፌሰር ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. በታተመው «የአማርኛ ሰዋስው» የቃል ክፍሎችን ስም፣ ቅጽል፣ ግስ፣ ተውሳከ ግስና መስተዋድድ ብለው በአምስት መድበዋል። ተማሪው እነዚህን በቃሉ መያዝ አያቅተውም፤ የሚቸገረው ቃሉን በቦታው ለማስገባት ነው። በአማርኛ «ትልቅ ቤት» ሲባል ቅጽሉ ስሙን ይቀድማል፤ በአፋን ኦሮሞ «መና ጉዳ» ሲባል ግን ቅጽሉ ከስሙ ኋላ ይመጣል። ግስ በሁለቱም ቋንቋዎች ዓረፍተ ነገሩን ሲዘጋ በእንግሊዝኛ ከተሳቢው በፊት ይገባል።

ልዩነቱን ለማሳየት ተማሪዎች በቡድን የአካባቢያቸውን ገበያ ፎቶግራፍ አንስተው ለእያንዳንዱ ምስል በሦስቱ ቋንቋዎች ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉና በድምፃቸው እንዲቀዱ ማድረግ ይቻላል። ስሙ፣ ቅጽሉና ግሱ በየራሳቸው ቀለም ከተጻፉ የቦታ ለውጡ በዓይን ይታያል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት ተማሪውን በአመዛኙ ተመልካች ያደረገ ነበር፤ በዚህኛው አሠራር ግን አዘጋጁ ራሱ ተማሪው ነው።

ለአንድ ቡድን አንድ የእጅ ስልክ ይበቃል፤ መብራት በሌለበትም በወረቀት ላይ የተሣለ ሥዕል ያገለግላል። ጥንቃቄ የሚያሻው በውጤት አሰጣጡ ላይ ነው። ነጥቡ ለምስሉ ጥራት ከተሰጠ የተሻለ ስልክ ያለው ቤተሰብ ልጅ ይበልጣል፤ በመሆኑም የሚመዘነው የቃሉ ትክክለኛ ምደባ ሊሆን ይገባል።