ያላየኋት ከተማ ናፍቆት

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። እኔን ግን፤ ውድ አንባቢ ሆይ፤ አንድም ቀን እግሬን ያላሳረፍሁባት አንዲት ከተማ ትናፍቀኛለች። ይህችውም የቀድሞዋ ቁስጥንጥንያ፤ የዛሬዋ ኢስታንቡል ናት። ናፍቆቱ የያዘኝ ሥዕሏን አይቼ አይደለም። በአንድ ሺህ ዓመት ውስጥ ወደ እርሷ የሄዱ መንገደኞች የጻፉትን እያሰባሰብሁ ማንበብ ከጀመርሁ ወዲህ ነው እንጂ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ባልንጀራዬ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ስል በዛሬው ዘመን ልማድ በስልክ የተላከ ጽሑፍ ማለቴ ነው። እኔና እርሱ ከዩኒቨርሲቲ አብረን የወጣን ነን፤ ባለፈው ዓመት የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ኢስታንቡል ሄደ። በሸኘነው ዕለት እናቱ እያለቀሱ፤ እኛ ጓደኞቹም በልባችን እየቀናን ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ግን እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፤ «ይህች ከተማ ለሰው የተሠራች አይደለችም። ሰዉ ሁሉ ይሮጣል፤ መንገዱ ሁሉ ዳገት ነው፤ ቤቱ ይበርዳል፤ ሰላም የሚለኝ የለም። ወሩ ሲያልቅ ልመለስ አስቤአለሁ። ለእናቴ እንዳትነግር።»

ምን ብዬ እንደምመልስለት ቸገረኝ። «አይዞህ» ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ስለማላውቀው ከተማ ምን አፍ አለኝ? ስለዚህ በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ወደ ቤተ መጻሕፍት ጐራ አልሁና ከእርሱ በፊት ወደዚያች ከተማ የሄዱ ሰዎችን ወሬ ፈለግሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ሊውትፕራንድ የሚባለውን የኢጣልያ ሰው ነው። ይህ ሰው በ949 ዓ.ም. ኢጣልያን ያስተዳድር ከነበረው ከቤሬንጋር ተልኮ ወደ ቁስጥንጥንያ ሄደ። ከንጉሠ ነገሥቱ ከሰባተኛው ቈስጠንጢኖስ ፊት በቀረበ ጊዜ ያየውን ሲጽፍ፤ ከዙፋኑ ፊት በወርቅ የተለበጠ ዛፍ መቆሙን፤ በቅርንጫፎቹ ላይም በእጅ የተሠሩ ወፎች እንደየዓይነታቸው መዘመራቸውን፤ እንደዚሁ የተሠሩ አንበሶችም መሬቱን በጅራታቸው እየመቱ ማግሣታቸውን ይነግረናል። ሦስት ጊዜ ሰግዶ ቀና ቢል ንጉሠ ነገሥቱን ከነዙፋኑ ወደ ጣራው ከፍ ብሎ፤ ልብሱንም ለውጦ አየው። በመጨረሻም ወርቅ ተሸልሞ በደስታ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ይኸው ሰው ጳጳስ ከሆነ በኋላ በ968 ዓ.ም. እንደ ገና ተላከ። በዚህ ጊዜ የላከው ታላቁ ኦቶ ነበር፤ ጉዳዩም ለኦቶ ልጅ ከቁስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት ሙሽራ ለመጠየቅ ነው። አሁን የጻፈው ግን የሌላ ከተማ ወሬ ይመስላል። ያሳደሩት ቤት ብርዱንም ሙቀቱንም የማይከለክል፤ ወይን ጠጁ በዝፍት የተበላሸ፤ ጠባቂዎቹ እንደ እስረኛ የያዙት፤ አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ኒቄፎሮስም መልከ ጥፉ ነበር ይላል። ሲመለስም ከዚያው የገዛውን ሐምራዊ ግምጃ ነጠቁት።

ከተማይቱ በ19 ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ተለውጣ ነበርን? አልተለወጠችም። የተለወጠው በመካከል የነበረው ጉዳይ ነው። ኦቶ በ962 ዓ.ም. በሮም የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ስለ ደፋና በደቡብ ኢጣልያ የነበረውን የቁስጥንጥንያን ግዛት ስለ ወጋ፤ መልእክተኛው የደረሰው በጠብ ጊዜ ነበር። ቤቱ የቀዘቀዘው ወዳጅነቱ ስለ ቀዘቀዘ ነው ማለት ይቻላል። ከሁለቱ ጽሑፎች አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ቁስጥንጥንያን ወይ ገነት ወይ ወህኒ ቤት አድርጎ ባሰባት ነበር።

ከዚህ በኋላ ያነበብሁት የታንጀሩን ተወላጅ የኢብን ባጡጣን ወሬ ነው። እርሱ የሄደው በ1330ዎቹ መጀመሪያ፤ የኦዝበግ ካን ሚስት የነበረችውን የግሪክ ልዕልት አጅቦ ነው። እስላም ሆኖ ወደ ክርስቲያኖች መዲና ቢገባም ንጉሠ ነገሥቱ በአስተርጓሚ ስለ ኢየሩሳሌም ጠይቆ፤ ልብስና ፈረስ ሰጥቶ፤ ከተማይቱን የሚያሳየው ሰው አዘዘለት። የቅድስት ሶፍያን ቤተ ክርስቲያን ግን የሚገባ ሁሉ ለመስቀል መስገድ ስላለበት ከውጭ ብቻ አይቶ ተመለሰ። ኢብን ባጡጣ በዚህ መካከል አንድ እንግዳ ነገር ጣል ያደርጋል፤ በአንዱ የከተማ ቅጥር ውስጥ 13 መንደሮች አሉ ይላል። በከተማ ውስጥ መንደር እንዴት ይኖራል ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት።

መልሱን ያገኘሁት ከሌላ መንገደኛ ነው። የካስቲል ንጉሥ ወደ ታሜርላን የላከው ስፔናዊው ክላቪሆ በ1403 ዓ.ም. በዚያው ሲያልፍ፤ በታላቁ ቅጥር ውስጥ የእህል ማሳና የአትክልት ቦታ፤ የፈራረሱ አብያተ ክርስቲያናትና ቤቶች አየ። ሁለቱን ወሬ ጐን ለጐን ሳስቀምጥ ነገሩ በራልኝ። በ1204 ዓ.ም. የመስቀል ጦረኞች የገዛ ክርስቲያን ወንድሞቻቸውን ከተማ ዘርፈው ካጠፏት ወዲህ ቁስጥንጥንያ ፈጽማ አላገገመችም ነበር። ቅጥሩ የታላቅ ከተማ፤ በውስጡ የቀረው ሕዝብ ግን የየመንደሩ ሆነ። በ1453 ዓ.ም. ሱልጣን መሕመድ ዳግማዊ ከተማይቱን ሲይዝ ግንቡን ለመጠበቅ በቂ ሰው ያልነበረው ስለዚህ ነው። ይህን ጉዳይ ከሁለቱ መንገደኞች አንዱም ለብቻው አልነገረኝም። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለመጻሕፍትም ይሠራል።

ከሁሉ ይልቅ የወደድኋት ግን አንዲት እንግሊዛዊት ናት። ሜሪ ዎርትሊ ሞንታጉ የአምባሳደር ባለቤት ሆና በ1717 ዓ.ም. ወደ ቱርክ አገር ገባች። ከእርሷ በፊት የነበሩ ወንዶች መንገደኞች አንድ ቀን እንኳ ያልገቡበትን የሴቶች እልፍኝ እንዳዩት አድርገው ይጽፉ ነበርና በዚህ ሳቀችባቸው። እርሷ ሴት በመሆኗ ተጋብዛ ገብታ፤ ተቀምጣ፤ ጠይቃ ጻፈች። በዚህም ሌሎቹ ሳያስተውሉት ያለፉትን ነገር አስተዋለች። በዚያ አገር አሮጊቶች በበጋው ማለቂያ በለውዝ ቅርፊት የፈንጣጣ ፈሳሽ ይዘው ይዞሩ፤ በመርፌም የጤነኛውን ቆዳ ጫር አድርገው ያስገቡለት ነበር። የተከተበው ሰው ጥቂት ቀን ታሞ ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያ ፈንጣጣ አይደፍረውም። እንዲህ ያለው ክትባት በእኛም አገር በቀድሞ ዘመን የታወቀ ነበር።

ነገሩ ለዚህች ሴት ወሬ ብቻ አልነበረም። ወንድሟን ፈንጣጣ ገድሎባታል፤ የእርሷንም ፊት አበላሽቷል። ስለዚህ በ1718 ዓ.ም. እዚያው ሳለች ትንሹን ልጇን አስከተበችው። ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላም በ1721 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ሴት ልጇን በሐኪሞች ፊት አስከትባ ልማዱን በእንግሊዝ አስፋፋችው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1980 ዓ.ም. ከምድር መጥፋቱን ያስታወቀውን በሽታ ለመዋጋት ከተደረጉት ብዙ እርምጃዎች አንዱ፤ አንዲት እንግዳ ሴት በባዕድ አገር አሮጊቶች አጠገብ ተቀምጣ መጠየቋ ነው። እንግዲህ አገርን በጥሞና ማየት የጊዜ ማሳለፊያ ነው የሚል ቢኖር ይህን ያስብ።

እነዚህ ሁሉ እንግዶች ናቸው። ባለቤቱስ ምን ይላል? ባለቤቱ ኤቭሊያ ቸለቢ ነው። በ1611 ዓ.ም. በኢስታንቡል ተወልዶ ከ40 ዓመት በላይ በጉዞ ኖረ። የጉዞው መጽሐፍ 10 ቅጽ ሲሆን፤ የመጨረሻው ስለ ግብፅ፤ ስለ ሱዳንና ስለ ሐበሻ ጠረፍ ይናገራል። የመጀመሪያው ቅጽ ግን የሌላ አገር ወሬ አይደለም፤ ስለ ትውልድ ከተማው ነው። በሱልጣን ሙራድ ራብዓይ ፊት የከተማይቱ ባለሙያዎች ሁሉ፤ ሥጋ ሻጩና ዳቦ ጋጋሪው፤ አናጢውና ዓሣ አጥማጁ በየማኅበራቸው ሲሰለፉ፤ ማን ይቅደም ሲባባሉም ያሳየናል። ኤቭሊያ ቍጥር ያበዛል፤ ተረትም ይቀላቅላል። ነገር ግን መንገደኞቹ ግንብና ቤተ መንግሥት ሲያዩ እርሱ የሚሠራውን ሰው አየ። ዓለምን ሊዞር የተነሣ ሰው በገዛ ሰፈሩ መጀመሩ ለእኛም ትምህርት ነው።

ይህን ሁሉ ለባልንጀራዬ ለመጻፍ ስሰናዳ አንድ ነገር ጐደለኝ፤ ያነበብኋቸው ሁሉ የሞቱ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ወደ ኢስታንቡል እየተመላለሱ ልብስ የሚያመጡ አንዲት የሰፈራችን ነጋዴ ዘንድ ሄጄ፤ «እትዬ፤ ያ ከተማ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቡና እያፈሉ ነበር፤ ሳቁና እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፤ መጀመሪያ የሄድሁ ጊዜ ላለሊ ከሚባለው ሰፈር መንገድ ጠፍቶኝ ዕቃዬ ላይ ተቀምጬ አልቅሻለሁ። ሁለተኛ አልመለስም ብዬ ነበር። በሦስተኛው ጉዞዬ የሻይ ቤቱ ልጅ ገና ከሩቅ ሲያየኝ በስሜ ጠራኝ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ከተማ ሆነልኝ።»

ከመጻሕፍቱ ሁሉ ይልቅ ጉዳዩን በአጭሩ የነገሩኝ እኒህ ሴት ናቸው። በዚያው ሌሊት ለባልንጀራዬ ረጅም ጽሑፍ ላክሁለት። «ተመለስ» ወይም «ቆይ» አላልሁትም። ስለ ሊውትፕራንድ ሁለት ጽሑፎችና ስለ ሻይ ቤቱ ልጅ ብቻ ነገርሁት።

መልሱ የመጣው ከአራት ቀን በኋላ ነው። «ጳጳስህ አሳቀኝ። ቤቱ አሁንም ይበርዳል» ይልና እንዲህ ይቀጥላል፤ «ከመጣሁ ጀምሮ የምመላለሰው ከምድር በታች በሚሄደው ባቡር ነበር። ዛሬ ከካዲኮይ በጀልባ ተሻገርሁ። ከእስያ ተነሥቼ አውሮፓ ስደርስ ሻዬን ገና አልጨረስሁም ነበር። ኢብን ባጡጣ ከውጭ ያየው የቅድስት ሶፍያ ጕልላት ከፊቴ ወጣ። የመመለሱን ነገር እስከ ፈተናው ድረስ አቆይቼዋለሁ።» በ537 ዓ.ም. ተሠርቶ ያለቀው ይህ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን፤ ከዚያ መስጊድ፤ ከዚያ ቤተ መዘክር ሆኖ በ2020 ዓ.ም. እንደ ገና መስጊድ ሆኗል። እርሱ እንኳ በአንድ ስም አልኖረም፤ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርባትን ከተማ በሦስት ሳምንት እንዴት በአንድ ቃል ይፈርዱባታል?

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ይህ ነገር የባልንጀራዬ ብቻ አይደለም። ለአምስት ቀን ስብሰባ ወደ ውጭ አገር ሄደን፤ ከሆቴል እስከ አዳራሽ ያለውን መንገድ አይተን፤ ስንመለስ ስለ ሕዝቡ ጠባይ የምንናገር ብዙዎች ነን። ለሥራ ወደ ወረዳ ከተማ ተመድበን በመጀመሪያው ሳምንት «ይህ ቦታ አይረባም» ብለን የዝውውር ማመልከቻ የምንጽፍም አንታጣም። በእንዲህ ያለ ፍርድ የሚጐዳው ፈራጁ ብቻ አይደለም፤ ጉዳዩን በእንዲህ ያለ ሹም የሚያስፈጽመው ሕዝብም ነው። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት ከእኛ አስቀድሞ የሄደውን እናንብብ፤ የአገሩን ተወላጅ እንጠይቅ፤ ራሳችንም በብርድ ላይ ወይም በናፍቆት ላይ እንደ ሆንን እንመርምር።

ባልንጀራዬ ፈተናውን አልፎ ዛሬም እዚያው አለ። እኔም አንድ ነገር ለምኜዋለሁ፤ ያንን የመጀመሪያ ደብዳቤውን አፍሮበት እንዳያጠፋው፤ ከሁለተኛው ጐን እንዲያኖረው። በሚመጣው ዓመት ሌላ የእኛ አገር ልጅ ወደዚያው ይሄዳልና፤ ሁለቱንም ማንበብ ያስፈልገዋል።