መርከቡ ሲመለስ እመጣለሁ

በቤታችሁ ውስጥ በሣጥን ሥር ወይም በሙዳይ ታጥፎ የተቀመጠ፣ ማን እንደላከው እንጂ ምን ለማለት እንደተጻፈ በቅጡ ያልታወቀ አሮጌ ወረቀት ይኖር ይሆን? በእኛ ቤት ነበር። ዛሬ የምንጨዋወተው በዚያ ወረቀት ምክንያት፣ ዘጠና ዓመቷን የደፈነችውን እናቴንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችውን ልጄን ይዤ እስከ ጋምቤላ ስላደረግሁት ጉዞ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቴ አባት የሰላሌ ገበሬ ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. በሰኔ ወር መግቢያ፣ ሰው ሁሉ ሞፈሩን አንሥቶ ወደ ማሳው በሚወጣበት ሰሞን፣ እርሳቸው እርሻውን ለወንድማቸው ትተው «ወደ ምዕራብ ወርጄ፣ ሠርቼ፣ ጨውና ጥሬ ብር ይዤ እመለሳለሁ» ብለው ከቤት ወጡ። እናቴ ያን ጊዜ ገና ዳዴ የምትል ሕፃን ነበረች። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ መንገደኛ ነጋዴ ደብዳቤ አደረሰ። በጸሐፊ እጅ የተጻፈ፣ አራት መሥመር ብቻ የሆነ ደብዳቤ ነው። ከሰላምታው ቀጥሎ «ደህና ነኝ፤ መርከቡ ሲመለስ እመጣለሁ» ይላል። ቀኑ ነሐሴ 1927 ነው። ከዚያ በኋላ ወሬያቸው ጠፋ።

ደብዳቤውን ለሴት አያቴ ያነበቡላት የደብሩ ደብተራ ነበሩ። መንደሩም በዚያው ቀን ፈረደ። መርከብ ያለው በባሕር ላይ ነው፤ ባሕር ያለው ከምጽዋ ወዲያ ነው፤ እንግዲያው ሰውየው ባሕር ተሻግሮ ዐረብ አገር ገብቷል ማለት ነው። ደግሞስ ቤቱን የሚወድ ገበሬ በሰኔ እርሻውን ጥሎ ይወጣል? ሴት አያቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ባል የሞተባት አልተባለችም፣ ባለትዳርም አልተባለች። ሞቱ ስላልተረዳ ተዝካር አልወጣላቸውም። እናቴም «ባሕር የተሻገረው ሰውዬ ልጅ» እየተባለች አደገች። በልጅነት የሰማችው ይህ ስም በእርጅናዋም አልለቀቃትም ነበር። አባቷን ስታነሣ ድምፅዋ ይለወጣል።

እህቶች፣ መቼም እንዲህ ያለ ቁስል የሌለበት ቤት ጥቂት ነው።

መፍትሔው የመጣው ካላሰብነው ቦታ ነው። ልጄ ለትምህርቷ የታሪክ ምሁሩን የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን ሥራዎች ስታገላብጥ፣ ስለ ጋምቤላ ንግድ ከጻፉት ላይ ደረሰች። እርሳቸው ለዶክትሬት ማዕረግ በ1976 እ.ኤ.አ. ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጥናት የምዕራብ ኢትዮጵያንና የሱዳንን ግንኙነት የሚመለከት ነው። ልጄ አንድ ማታ ወደ ማድቤት እየሮጠች ገብታ «እማዬ፣ መርከቡ እኮ እዚሁ አገራችን ውስጥ ነበር!» አለችኝ። ሽንኩርቱ እስኪያር ድረስ ቆሜ አዳመጥኋት።

በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የድንበር ውል ሲዋዋሉ፣ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አካባቢ የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት እንዲሰጥ ተስማምተው ነበር። መሬቱ በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፣ በስፋትም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ ለጦር ጉዳይም እንዳይውል በውሉ ተወስኗል። በኋላ ለጣቢያው የተመረጠው ጋምቤላ ሆነ። ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች ነጭ ዓባይን ሽቅብ ይዘው፣ ወደ ሶባት ታጥፈው፣ በባሮ ገብተው ጋምቤላ ላይ መልሕቃቸውን ይጥሉ ነበር። ጨውና አቡጀዲ ያራግፋሉ፤ ከጎሬና ከሳዮ፣ ማለትም ከዛሬው ደምቢ ዶሎ በኩል በበቅሎና በሰው ጫንቃ የወረደውን ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይጭናሉ። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች መጋዘን ከፍተው ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች።

ይህ ለመርከቡ መልስ ሆነ። የሰኔውስ ነገር?

እዚህ ላይ እናቴ ራሷ አቋረጠችን። «ክረምት ላይ ምን ይሠራል?» አለች። ልጄ ያነበበችውን ዘርዝራ አስረዳቻት። በበጋ ባሮ ይጎድላል፤ ትልቅ መርከብ ሊሄድበት አይችልም። ውኃው ሲሞላ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ባለው ጊዜ ብቻ መንገዱ ይከፈታል። መርከብ የሚመጣውም፣ ዕቃ የሚያወርድና የሚጭን ጉልበት በብዛት የሚፈለገውም በዚያው ወቅት ነው። ስለዚህ ከሰላሌ በእግሩ ተነሥቶ በመርከቡ ወቅት ከባሮ ዳር መድረስ የሚፈልግ ሰው በሰኔ መግቢያ ቢወጣ የሚገርም አይደለም። የደጋ ገበሬ ያላወቀው የቆላው የሥራ ወቅት ከደጋው የእርሻ ወቅት ጋር መግጠሙን ነው።

እናቴ ብዙ አልተናገረችም። ዝም ብላ ቆይታ «እንዲያማ ከሆነ እብድ አልነበረም» አለች።

ደብዳቤው የተጻፈው በነሐሴ 1927 ነው። መስከረም በገባ በሦስት ሳምንት፣ በ1928 ዓ.ም. መግቢያ፣ ጣልያን አገራችንን ወረረ። በሚያዝያ 1928 አዲስ አበባ ተያዘች። ወንዙ ጎድሎ መርከቡ የመጨረሻውን ጉዞ ሲያደርግ፣ ወንድ አያቴም ወደ ሰላሌ ሊመለሱ ባሰቡበት ሰሞን፣ አገሩ በሙሉ በጦርነት ላይ ነበር። የቆላው ወባም ከደጋ የወረደውን ሰው የማይምር ነው። የትኛው እንዳገኛቸው ወረቀት አልነገረንም። ሆኖም ባሕር ተሻግረው ቤታቸውን የረሱ ሰው ናቸው የሚለው ፍርድ የቆመበት መሠረት ፈረሰ።

አሁን እንግዲህ ከእናንተ መካከል «እኔም የአያቴን ነገር ልፈልግ» የምትል እናት ብትኖር፣ እኛ ከደረሰብን ድካም የተማርነውን ልንገራት።

ከሁሉ በፊት ወደ መዝገብ ቤት አትሩጪ። በመጀመሪያ ቤት ያሉትን ሽማግሌዎች አነጋግሪ፤ መዝገብ ቤቱ ነገም አለ። ስትጠይቂም «መቼ ተወለዱ?» ብለሽ አትጀምሪ። «የማን ሠርግ ሰሞን ነበር? ጣልያን ሳይገባ ነው ከገባ በኋላ? የቱ ዝናብ?» ብለሽ ብትጠይቂ ዓመተ ምሕረቱ ራሱ ይወጣል። ቀጥሎ የቤቱን ወረቀት ሁሉ ሰብስቢ። የግብር ደረሰኝ፣ የውርስ ክርክር ውሳኔ፣ የዕድር መዝገብ፣ ከፎቶግራፍ ጀርባ የተጻፈ ቃል ሁሉ ይጠቅማል። ዋናውን ቤት አስቀምጪና ቅጂውን ይዘሽ ሂጂ።

የዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል። በውጭ አገር ሰው የተጻፈ መዝገብ የኛን ነሐሴ 1927 «ኦገስት 1935» ይለዋል። ልጄ በመጀመሪያ ሰባት ዓመት ብቻ ጨምራ 1934ን ስትፈትሽ አንድ ሙሉ ሳምንት አቃጥላለች። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑን ከኛ ቤት የማያውቅ አልነበረም፤ ግን ሲቸኩሉ ይረሳል።

ስምም ሌላው እንቅፋት ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ልጅ የአባቱን ስም ይዞ ይሄዳል፤ በሦስተኛው ትውልድ የአያት ስም ከመጠሪያው ይወርዳል። በባዕድ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ «ገብረ» በአምስት ዓይነት ይመጣል። ስለዚህ ሰውን በስሙ ብቻ መፈለግ ብዙ አያራምድም። በሠራው ሥራ፣ በነበረበት ስፍራ፣ በተሸከመው ዕቃ መፈለግ ይሻላል። እኛ የአያታችንን ስም ይዘን ስንዞር ባዶ እጃችንን ቀረን፤ «ቡና»፣ «ጨው»፣ «ባሮ» ብለን ስንፈልግ ግን የኖሩበት ዓለም ተከፈተልን።

ስለ ጋምቤላ የተጻፈው መዝገብ የተቀመጠው በአንድ አገር አይደለም። ጣቢያውን ያስተዳድር የነበረው የሱዳን መንግሥት ስለነበር፣ የመንግሥቱ ወረቀት ወደ ካርቱም ሄዷል። የባለሥልጣኖቹ የግል ደብዳቤ፣ የቀን ማስታወሻና ፎቶግራፍ ደግሞ በእንግሊዝ አገር በደርሃም ዩኒቨርሲቲ፣ በ1957 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የሱዳን ቤተ መዛግብት ይገኛል። ዝርዝሩን ልጄ በኮምፒዩተር ተመልክታዋለች። ወደ ካርቱም የመጻፍ ሐሳብ ነበረን፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. እዚያ ጦርነት ሲነሣ ተውነው። በአገራችን በ1936 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም በ1955 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ የሰበሰበው አለ። ደጃቸውን ለመርገጥ ምሁር መሆን አያስፈልግም። ምን እንደምትፈልጊ ጠቅልለሽ መናገር ብቻ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። መዝገብ የሚጽፈው የሚቀረጠውን ነው። የቡናው ክብደት አለ፤ የነጋዴው ስም አለ። ቡናውን በጫንቃው ያወረደው ሰው ቢቆጠር እንጂ ስሙ አይጻፍም። ለተሸካሚው ስንቅ የቋጠረችለት ሴትማ ቁጥር ውስጥም የለችም። የልደትና የሞት ምዝገባ በመላ አገራችን አንድ ወጥ ሆኖ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ፣ የሴት አያቶቻችን ስም ያለው በእናቶቻችን አፍ ብቻ ነው ማለት ነው። ጋብቻ እንዳይገባ እስከ ሰባት ቤት ስንቆጥር እንኳ በአባት በኩል ይቀናናል፤ በእናት በኩል ሦስተኛው ላይ እንደናቀፋለን። ልጆቻችሁን በዚህ በኩልም አስቆጥሯቸው።

አካልም መዝገብ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ ወታደሮች ተወስደው በሕንድ አድገው ሐኪም ሆነው ከአድዋ ድል በኋላ አገራቸው ሲገቡ፣ ዘመዶቻቸው የለዩዋቸው በገላቸው ላይ በነበረ ጠባሳ ነው። አያታቸው ጠባሳውን አልረሱትም ነበር።

ወደ ጉዟችን ልመለስ። እናቴ «ቦታውን ካላየሁ» አለች። ሐኪሟ ሙቀቱን ፈርቶ ነበር፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነሥተን በአንድ ሰዓት ገደማ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስን። አባቷ ሳምንታት የተጓዙበትን መንገድ እርሷ አንድ ስኒ ሻይ ጠጥታ ጨረሰችው። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ እንደ ምጣድ ገረፋት፤ ጋቢዋን አውልቃ ለልጄ ሰጠቻት።

በማግስቱ ወደ ባሮ ወሰድናት። አንድ አኙዋ ሽማግሌ ምርኩዟን አይተው «እማማ፣ ከዚህ አይለፉ፤ ዳሩ ያንሸራትታል» ብለው ክንዷን ያዙ። ስለ መርከቦቹ ከአባታቸው እንደሰሙ፣ በአስተርጓሚ በኩል ስንጠይቃቸው ነገሩን። እናቴ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር አየችው። «ባሕሩ ይሄ ነው እንዴ?» አለች። ስምንት ዐሥርት ዓመት ያስፈራት ባሕር ሰው ቆሞ ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው የሚጣራበት ውኃ ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ከተማ ያረፍንበት ቤት የነበረ የኑዌር ወጣት፣ የአባቶቹን ስም ሳያቋርጥ ሲቆጥር ልጄ በጣቷ ተከተለችው። ስለ ኑዌሮች በ1940 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ያሳተመው እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ፣ የዘር ሐረጋቸው እስከ ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ትውልድ እንደሚቆጠር ጽፏል። እኛ በሰባት የምንኮራው ትንሽ አፈርን።

የመመለሻው ቀን በአውሮፕላን ማረፊያው መጠበቂያ አዳራሽ ተቀምጠን ሳለን እናቴ «ተዝካሩን አወጣለሁ» አለች። ይህን ቃል ስጠብቅ ነበር፤ ሆኖም ሲመጣ ደነገጥሁ። ልጄ ወዲያው «እንግዲያው ለካህኑ የክርስትና ስማቸው ያስፈልጋል» አለች። በደብዳቤው ላይ ያለው የዓለም ስማቸው ነው። በየትኛውም መዝገብ ብንፈልግ የክርስትና ስማቸው እንደማይገኝ ሦስታችንም እናውቃለን።

እናቴ መልስ ሳትሰጥ አውሮፕላኑ ተጠራ። ደግፈን አወጣናት፤ በመስኮቱ በኩል አስቀመጥናት። ቀበቶዋን ሳስርላት ወደ ጆሮዬ ተጠግታ ስሙን ነገረችኝ። እናቷ ለእርሷ ብቻ እንደነገረቻት፣ ለማንም ተናግራው እንደማታውቅ ጨመረችበት። ልጄ ብዕሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ከደብዳቤው ቅጂ ጀርባ ጻፈችው፤ እናቴም ፊደሉ እንዳይሳሳት ደግማ አስነበበቻት።